አሮጊቷ ድመት ለምን ከሳች?

የዛሬው ርዕስ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ያሰኛችሁ ይሆናል። «ሲስተር ደግሞ ሰውን ትታ ለድመት ማዘዝ ጀመረች» የሚልም አይጠፋም። ጥያቄው ግን የቀልድ አይደለም። የጻፈችልኝ እህት የሞጣ ነዋሪ ናት። እናቷ ቢቸና ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። አብራቸው ያለችው የ14 ዓመት ድመታቸው ብቻ ናት። ድመቷ ከቅበላ ወዲህ አጥንቷ እስኪቆጠር ከሳች። ጎረቤት «አርጅታ ነው፣ ይተዉዋት» ይላል። እናት ግን አልሆነላቸውም። ከራሳቸው ጉርሻ እየቀነሱ ያቀርቡላታል፤ እሷ አሽትታ ትተወዋለች፤ እሳቸውም በወጉ ሳይበሉ ከገበታ ይነሳሉ። የልጅ ልጆቹ ስልክ ሲደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ድመቷ ነው። «ምን እናብላት? መድኃኒትስ ይኖራት ይሆን?» ትላለች ጠያቂያችን።

በሥራ ዘመኔ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ይዘው የሚመጡ እናቶች «ጥርስ ሊያበቅል ነው» ይሉኝ ነበር። ልጁ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ አፉ ደርቋል። «ጥርስ ነው» ተብሎ ሦስት አራት ቀን ቤት ተቀምጧል። «አርጅታ ነው» የሚለው ቃልም የዚያው ዘመድ ነው፤ ከተባለ በኋላ የሚመረምር አይኖርም። 14 ዓመት የሞላት ድመት በሰው ቢታሰብ ከሰባ ዓመት በላይ እንደማለት ነው። ጡንቻዋ ትንሽ መሳሳቱ አይቀርም። አጥንቷ እስኪቆጠር መክሳት ግን ምክንያት አለው።

ከደብዳቤው ውስጥ ዓይኔን የያዘው «ከቅበላ ወዲህ» የሚለው ነው።

በቢቸናም በሞጣም የቤት ድመት የምትበላው ይታወቃል። ከገበታ የተረፈ እንጀራ በሽሮ ታሽቶ ይጣልላታል። አንዳንዱ ቤት «ከጠገበች አይጥ አትይዝም» ተብሎ እሱም ይቀነስባታል። ወጣት ሳለች ይህ ብዙም አይጎዳትም፤ የጎደለውን ከጎተራው ሥር በአይጥ ትሞላዋለች። ጥርሷ ሲያልቅና እግሯ ሲከብድ ግን አይጡ ይቀራል፣ እንጀራው ብቻ ይተርፋል። በዚህ ላይ ዐቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀን ከቤቱ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም ይጠፋል። ሥጋ ቤቱም ይዘጋል። ረቡዕና ዓርብ፣ የነቢያት፣ የሐዋርያትና የፍልሰታ ጾም ሲደመሩ የዓመቱን ግማሽ ያህል ይይዛሉ። እኛ በፈቃዳችን የገባንበትን ጾም ድመቷ ሳትጠየቅ አብራን ትጾማለች።

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ስንል እንስቅባታለን። ነገሩ ግን የአመል ብቻ አይደለም፣ የተፈጥሮ ጉዳይ ነው። ሰውና ውሻ ከእህልና ከጥራጥሬ ብዙ ነገር ያገኛሉ፤ የድመት ሰውነት ግን ያለ ሥጋ አይቆምም። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ በሥጋና በዓሣ ውስጥ እንጂ በእህል ውስጥ የለም። ድመት ደግሞ በበቂ መጠን ራሷ ልትሠራው አትችልም። ታውሪን ያጣች ድመት ዓይኗ እንደሚጠፋ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ጻፉ፤ ልቧም እንደሚደክም በ1987 ተጻፈ። ካሮትና ጎመን ውስጥ ያለውንም ወደ ቫይታሚን ኤ ለመለወጥ አቅም የላትም።

ሌላው ወጡ ነው። በፍስክ ጊዜ «እንግዲህ ትብላ» ብለን ዶሮ ወጥ የነካ እንጀራ የምንሰጣት ከሆነ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። መብሰሉ መርዙን አያጠፋውም። የሽሮውም ሽንኩርት ያው ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንትም እንደ መርፌ ይሰነጠቃልና አይሰጣት።

ታዲያ በጾም ምን ትብላ? የመጀመሪያው መልስ እንቁላል ነው። በጾም ወራት ፈላጊው ስለሚቀንስ ዋጋው ረገብ ይላል። ሦስት ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ከ150 እስከ 200 ካሎሪ ያስፈልጋታል፤ አንድ እንቁላል ወደ 70 ይሰጣል። እንቁላል ብቻውን ግን ታውሪኑ ትንሽ ነው፤ ሥጋ የግድ ነው። ቅበላ ላይ ለሰው ቋንጣ ሲዘለዘል ለእሷ ጨውም በርበሬም ያልነካው ጥቂት ዘለላ ለብቻው ይሰቀል። ሲፈለግ ይዘፈዘፋል፣ ይቀቀላል፣ በቢላ ደቅቆ ከነመረቁ ይቀርባል። ዘንድሮ ያ ካለፈ፣ ከሱቅ የሚሸጥ የቆርቆሮ ዓሣ ዘይቱ ተጨምቆ፣ በሙቅ ውሃ ታጥቦ በትንሽ በትንሹ ይሰጣል። ከፋሲካ በኋላ ልብ፣ ጣፊያ፣ ሳንባ፣ የዶሮ ሥጋ ሁሉም ተቀቅሎ ይሆናታል። ልብ ታውሪኑ ብዙ ነው። ጉበት በሳምንት አንዴ ትንሽ ቁራጭ ይበቃታል፤ ሲበዛ ይጎዳታል። ወተት «የድመት ምግብ» ቢባልም ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል፤ ለከሳች ድመት ተቅማጥ መጨመር አያስፈልግም።

የጾም ድስት እንዳይነካ የሚጨነቁ እናቶችን አውቃለሁ፤ ተገቢ ነው። ለድመቷ አንድ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ጠርዙ ተስተካክሎ ይቀመጥላት፣ መቀቀያዋ እሱ ይሁን። ሰሃኗም፣ ማንኪያዋም ለብቻ። ይህ ለሰውም ጤና ይበጃል። ጥሬ ሥጋ አትስጧት የምለውም ለዚሁ ነው፤ በጥሬ ሥጋ ከሚተላለፉት ጥገኛ ተሕዋስያን አንዳንዶቹ በድመት ዓይነ ምድር በኩል ለነፍሰ ጡር ይተርፋሉ። በቤቱ ነፍሰ ጡር ካለች የድመቷን መጸዳጃ ሌላ ሰው ያጽዳ።

አቀራረቡ ከምግቡ እኩል ዋጋ አለው። ያረጀች ድመት የማሽተት ኃይሏ ይደክማል፤ ያላሸተተችውን አትበላም። ስለዚህ ምግቡ ለብ ይበል፣ በክንድ ሲሞከር የማያቃጥል። በቀን ሁለቴ ብዙ ከማቅረብ አምስት ስድስት ጊዜ አንድ ሁለት ማንኪያ ይሻላል። ለተጎዳ ሕፃን የምናደርገው ይህንኑ ነው። ውሃው ከምግቡ ራቅ ይበል። ማታ ማታ የቢቸናና የሞጣ ብርድ ይታወቃል፤ የከሳ ሰውነት የበላውን ሁሉ ለሙቀት ያቃጥለዋል። ካርቶን ውስጥ አሮጌ ጋቢ፣ ከጎኗ ለብ ያለ ውሃ የተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥላት።

ባሕር ማዶ ያሉ የልጅ ልጆቻችን ሃምስተር የምትባል አይጥ መሳይ እንስሳ ያሳድጋሉ፤ እዚህ ብትሆን ለዚችው ድመት እራት ነበረች። ዕድሜዋ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነው፤ ሁለት የሞላት አሮጊት ናት። ክብደቷ 100 ወይም 150 ግራም ቢሆን ነው። ስለዚህ 10 ግራም ስትቀንስ እኛ ስድስት ሰባት ኪሎ እንደቀነስን ይቆጠራል። ልጆቹ በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን እየመዘኑ በደብተር ይጽፋሉ፤ ስታረጅባቸው ደረቅ ምግቧን በውሃ አርሰው፣ ከተቀቀለ እንቁላል ትንሽ ጨምረው ይሰጧታል። (እግረ መንገዴን፦ የሰው አሞክሳሲሊን እንዳይሰጧት በስልክ ንገሯቸው፤ አንጀቷን አዛብቶ ይገድላታል።) ከእነዚህ ልጆች የምንማረው መመዘኑን ነው። ድመቷን በቅርጫት አድርጋችሁ የእህል ነጋዴው ሚዛን ላይ አስቀምጡ፣ የቅርጫቱን ቀንሱ፣ ጻፉ። በሁለተኛው ሳምንት ድገሙት። ከሦስት ኪሎ 300 ግራም ከጎደለ ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ አፏ እንምጣ፤ ከዚያ በፊት ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። ድመት ለሃጯ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃታት፣ ጠባይዋ ድንገት የተለወጠ ወይም ያለ ምክንያት የምትናከስ ከሆነ እጃችሁን ወደ አፏ አታስጠጉ። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። «የቤት ድመት ናት» ተብሎ አይታለፍም።

ይህ ምልክት ከሌለ፣ በነጠላ ጠቅልላችሁ ከንፈሯን ከጎን ገለጥ አድርጉ። ድዷ ቀልቷል? ጥርሷ ቢጫ ቅርፊት ለብሷል፣ ተነቃንቋል? አፏ ይሸታል? ወደ ምግቡ በፍላጎት ሄዳ፣ አንዴ ቀምሳ ወደኋላ የምትል ድመት ራብ እያላት አፏን የሚያማት ናት። የእናታችንም ድመት «አሽትታ ትተወዋለች» መባሉ ወደዚህ ያመለክተኛል። የወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ የሚያውቀው በሬና በግ ነው ብላችሁ አትቅሩ፤ የተበላሸ ጥርስ አይቶ ማውጣት የሙያው ነው። የትል መድኃኒትና የእብድ ውሻ ክትባትም እዚያው ጠይቁ። ውሃ አብዝታ የምትጠጣና የምትሸና ከሆነ ኩላሊት ወይም ስኳር ሊሆን ይችላል። እንደ ጉድ እየበላች የምትከሳ፣ ዕረፍት ያጣች ከሆነ ደግሞ እንቅርቷ ከመጠን በላይ እየሠራ ይሆናል። እነዚህን ለሐኪሙ መንገር የእናንተ ድርሻ ነው፤ እሱ ሌሊት አብሯት አያድርም።

ከሰው መድኃኒት ግን አደራ! ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ አንድ የ500 ሚሊ ግራም ፍሬ ልትገድላት ትችላለች። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም አይሞከሩ። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ካልበላች ጉበቷ በስብ መሞላት ይጀምራልና ሦስተኛውን ቀን አትጠብቁ። እስከዚያው መርፌ በሌለው ሲሪንጅ የተፈጨ ምግብ ከአፏ ጎን በኩል፣ አንድ ሚሊ ሊትር ብቻ እየሰጡ፣ እስክትውጥ መጠበቅ ይቻላል። ጭንቅላቷን ወደ ላይ አታቅኑት፣ ወደ ሳንባ ይገባል። ከታገለች ተዋት።

ለጠያቂያችን ሳልነግራት የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ከቤቱ የከሳችው ድመቷ ብቻ መሆኗን እርግጠኛ አይደለሁም። እናት ከጉርሻቸው የሚቀንሱት ከጾም ገበታ ላይ ነው፤ በሰማንያ ዓመት የሚቀነስ ትርፍ ጉርሻ የለም። ቢቸና ስትሄጅ የእናትሽን መቀነት ተመልከቺ፤ አንድ ዙር ጨምሮ እንደሆነ ጠይቂ። ጥርሳቸውንም እይላቸው። ሽሯቸው ወፈር ይበል፣ ምስር፣ ሱፍና ኑግ ይጨመርበት፤ ስለ ጾሙ ደግሞ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይምከሩ። ለድመቷ እንቁላልና ቋንጣ ለብቻ ከተመደበላት የእሳቸው ሰሃን ለእሳቸው ይቀራል። የምትገዢላትን እንቁላል ለድመቷ ብቻ ሳይሆን ከፋሲካ በኋላ ለሁለቱም ቁጠሪው።

ለልጅ ልጆቹ እውነቱን ንገሯቸው። ከተሻላት ኪሎዋን ይጠይቁ፣ በስልክ ይነገራቸው። ካልተሻላት «ጠፋች» አትበሏቸው፤ አያታቸውን ባዩ ቁጥር ይፈልጓታልና።

በደብዳቤው መጨረሻ ወንድሟ ለእናታቸው ግልገል ድመት ሊያመጣ ማሰቡን ጽፋለች። አሁን አያምጣ። ግልገሏ ከአሮጊቷ ሰሃን ትሻማለች፣ አሮጊቷም ጥግ ይዛ ጭራሽ መብላት ትተዋለች። የዘንድሮው ጾም ይፈታ፣ የጥርሷ ነገር ይታይ፣ ሚዛኗ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጻፍ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ይፈልጉ እንደሆነ መጀመሪያ እናትን ይጠይቋቸው።