የጠለቀች፥ ግን የማትሰጥም ከተማ

አማርኛ ወደ ውኃ የሚወርደውን ነገር በሁለት ግሥ ለይቶ ይናገራል። ዋናተኛ ይጠልቃል፤ መርከብ ይሰጥማል። የጠለቀ ወድዶ የወረደ ነው፥ ይመለሳልም፤ የሰጠመ ግን ሳይወድ የወረደ ስለ ሆነ መመለሱ አጠራጣሪ ነው። ፀሐይም ትጠልቃለች እንጂ አትሰጥምም፤ ነገ ተመልሳ የምትወጣ ናትና። አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን በደብዳቤ ስትጽፉ ሁለቱን እንዳታለዋውጡ እያሳሰብን፥ ዛሬ በዚህ ዐምድ የምንነጋገርበት ጉዳይም ከዚሁ ልዩነት የራቀ እንዳልሆነ እንገልጻለን። ይኸውም በባሕር ወለል ላይ ከተማ ስለሚያሠሩት የኮምፒዩተር ጨዋታዎችና ተጫዋቾቹ ስለ ሰጧቸው ፍርድ ነው።

ከተማ የሚያሠራ ጨዋታ ተጫዋቹን ከንቲባ አድርጎ የሚሾም ነው። መንገድ ይቀይሳል፥ ውኃና መብራት ያስገባል፥ ቤት ያሠራል፥ ሕዝቡም ሲያጉረመርም ይሰማል። ይህ ዐይነት ጨዋታ በዓለም በስፋት የታወቀው በ1989 ዓ.ም. አሜሪካዊው ዊል ራይት «ሲም ሲቲ» የተባለውን ከሠራ ወዲህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቀኑን ሙሉ በመሥሪያ ቤት ማመልከቻ ሲመራና በጀት ሲያብቃቃ የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ይህንኑ ሥራ በጨዋታ መልክ ለምን እንደሚደግመው የሚገርማቸው አሉ። እኛ ግን አይገርመንም፤ በጨዋታው ውስጥ ትእዛዝ በተሰጠ በደቂቃ ይፈጸማልና።

በ2023 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፥ በአንድ ወር ውስጥ፥ ከተማቸውን በባሕር ወለል ላይ የሚያሠሩ ሁለት ጨዋታዎች ለገበያ ቀረቡ። የመጀመሪያው «አኳቲኮ» ይባላል፤ የሠራውም ዲጂታል ሪፍ ጌምስ የተባለ ድርጅት ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ የምድር ገጽ ለኑሮ የማይበቃ ስለ ሆነ የተረፉት ሰዎች ወደ ባሕር ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹም እነርሱን እንዲያስተዳድር ይሾማል። በታችኛው ደርብ፥ በአሸዋውና በዐለቱ ላይ፥ ሰው አልባ ማሽኖች ማዕድን ያወጣሉ፥ ፋብሪካ ያቆማሉ፥ የባሕር ውስጥ ምግብ ያመርታሉ። ሰዎቹ የሚኖሩት ግን ከዚያ ከፍ ብለው በሚቆሙ የመስተዋት ጉልላቶች ውስጥ ነው። ኦክሲጅኑም ኤሌክትሪኩም ከታች ወደ ላይ መድረስ ስላለበት፥ የተጫዋቹ ዋና ድካም ቧንቧና መስመር መዘርጋት ነው። በየብስ ላይ እንደሚሠራ ከተማ ጐንና ጐን ብቻ ሳይሆን፥ ላይና ታችም አብሮ ይታሰባል። ይህ የጨዋታው ብልኀት ነው፤ ተጫዋቾቹም ይህንን አልካዱም።

የፍርዱን ነገር ለመረዳት የአሠራሩን ሥርዐት ማወቅ ያሻል። «ስቲም» በተባለው የጨዋታ መሸጫ ገበያ፥ ገዝቶ የተጫወተ ሁሉ «ለሌላው እመክራለሁ» ወይም «አልመክርም» ብሎ ድምፁን ይሰጣል፤ ምክንያቱንም በጽሑፍ ያክላል። ድምፁ ተቈጥሮ ከመቶ ስንት እንዳመሰገነ ይታያል፤ ከ40 እስከ 69 የሚደርሰው «ድብልቅ» የሚል ስም ይሰጠዋል። «አኳቲኮ» ያገኘው ይህንን ድብልቅ የተባለውን ፍርድ ነው። ያመሰገኑት የውኃውን ውበት፥ የዓሣውን መንጋ፥ በጨለማ ውስጥ የሚያበራውን ጉልላትና የሥራውን እርጋታ አመሰገኑ። የነቀፉት ደግሞ፥ በብዙ ቃል ቢሆንም፥ አንድ ነገር ነው የተናገሩት፦ ከተማዪቱ አንድ ጊዜ ከተደላደለች በኋላ የሚያሠጋት ነገር ጥቂት ስለ ሆነ፥ ተጫዋቹ ጥሬ ዕቃ እስኪጠራቀምና ምርምሩ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ በቀር የሚያደርገው የለውም። ባሕሩም እንደ ግድግዳ ሥዕል ከኋላ ይቀራል።

እነዚህ ነቃፊዎች መከራ ወዳድ ሰዎች መስለው የሚታዩት ይኖራል። እኛ ግን ክሳቸው ትክክለኛ ሆኖ አግኝተነዋል። ከተማ በበረሓ ቢሠራ ውኃ፥ በተራራ ቢሠራ መንገድ፥ በብርድ አገር ቢሠራ ማገዶ ዋና ጥያቄው መሆን አለበት። በ2018 ዓ.ም. የወጣው «ፍሮስትፐንክ» የተባለው የፖሎኝ አገር ጨዋታ ይህን በሚገባ ዐውቆታል፤ ከተማው በአንድ ትልቅ የድንጋይ ከሰል ምድጃ ዙሪያ ይሠራል፥ ብርዱም ባየለ ቊጥር ሕዝቡ ይታመማል፥ ይሞታል፥ ተስፋ ከቈረጠም ገዢውን አውጥቶ ይሰድደዋል። ስለዚህ እዚያ ብርዱ ራሱ ከተጫዋቹ ጋራ ይከራከራል። በባሕር ውስጥ የሚሠራ ከተማ ከባሕሩ ጋራ ካልተከራከረ ግን፥ ጉልላቱን አንሥቶ በሜዳ ላይ ቢያስቀምጡት ምን ይጐድልበታል?

ባሕር ሰው ሊኖርበት ሲገባ በእውነት ምን እንደሚጠይቅ ለማወቅ ከአካባቢያችን መራቅ አያስፈልግም፤ ነገሩ በቀይ ባሕር ውስጥ ተፈትኗል። ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኰንን ዣክ ኩስቶ በ1963 ዓ.ም. ከፖርት ሱዳን ሰሜን ምሥራቅ ሻዕብ ሩሚ በሚባለው የመርጃን ዐለት አጠገብ አነስተኛ መንደር በውኃ ውስጥ አቆመ። ትልቁ ቤት የባሕር ኮከብ የምትባለውን ፍጥረት በሚመስል ቅርጽ የተሠራ ሲሆን፥ በ10 ሜትር ጥልቀት አምስት ሰዎች አንድ ወር ሙሉ ኖሩበት። አንድ በቀቀንም አብሯቸው ነበረ። ከትልቁ ቤት ሌላ ለምትጠልቀው ትንሽ መርከብ መጠለያ ቤት፥ ለመሣሪያም ጐተራ ተሠርቶ ነበር።

የዚህ ቤት በር ለአንባቢ ሊነገር የሚገባው ነው። በወለሉ ላይ ያለው ቀዳዳ መዝጊያ የለውም፤ ባሕሩም እዚያው ከቀዳዳው አፍ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ አይገባም። ምክንያቱ ተአምር ሳይሆን ሒሳብ ነው። በየ10 ሜትሩ የውኃው ግፊት በምድር ላይ ያለውን የአየር ግፊት ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ በ10 ሜትር ላይ ግፊቱ ዕጥፍ ይሆናል። በቤቱ ውስጥ ያለው አየር በዚያው መጠን ታምቆ ስለ ነበረ፥ አየሩና ውኃው እኩል ተገፋፍተው ይቆማሉ። ሰዎቹ ከመኝታቸው ተነሥተው በዚያ ቀዳዳ ወደ ባሕሩ ገብተው ይሠሩና ይመለሱ ነበር። ዋጋው ግን በደማቸው ውስጥ ነበረ። በታመቀ አየር የኖረ ሰው ድንገት ወደ ላይ ቢወጣ፥ በሰውነቱ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ፀሐይዋ 10 ሜትር ብቻ ከራሳቸው በላይ እያለች፥ ብድግ ብለው ሊወጡላት አይችሉም ነበር። ከዚያ በጠለቀችው ጠባብ ክፍል አንድ ሳምንት የቆዩት ሁለቱ ጠላቂዎች ደግሞ፥ ሄልየም የተቀላቀለበት አየር እየተነፈሱ፥ በሙቀትና በላብ ተቸግረው ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን የመንደሩ ሕይወት የተንጠለጠለው ከላይ በቆሙት መርከቦች ላይ ነበር፤ አየሩና ኤሌክትሪኩ ከዚያ በመስመር ይወርድ ነበርና። የማን ገንዘብ እንደ ነበረበትም መዘንጋት የለበትም፤ ከወጪው ከፊሉን የሸፈኑት በባሕር ወለል ዘይት ለማውጣት ያሰቡ የነዳጅ ድርጅቶች ነበሩ። ኩስቶ ስለዚህ መንደር የሠራው «ዓለም ያለ ፀሐይ» የተባለው ፊልም በ1965 ዓ.ም. የአሜሪካ የፊልም አካዳሚን ሽልማት አግኝቷል። የመርከቢቱ መጠለያና የመሣሪያው ጐተራ ከብዙ ዓመታት በኋላም በዚያው ቆመው፥ መርጃን በቅሎባቸው፥ በየጊዜው ጠላቂዎች ጐብኝተዋቸዋል፤ የሰው መኖሪያው ግን ሥራው ሲያልቅ ተነሥቷል።

የአሜሪካ ባሕር ኃይልም «ሲላብ» የተባሉትን ቤቶች በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. አጥልቆ ሞክሯል። ሦስተኛው ሙከራ በ1969 ዓ.ም. ከካሊፎርኒያ ዳርቻ ወደ 190 ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት ሲደረግ፥ ከቤቱ የሚያፈተልከውን አየር ሊደፍን ከወረዱት ጠላቂዎች አንዱ ሞተ። ከሰው ትንፋሽ የሚወጣውን መጥፎ አየር ሊመጥጥ የሚገባው ኬሚካል በአንዱ የመተንፈሻ መሣሪያ ውስጥ እንዳልተጨመረ ምርመራው አመለከተ፤ ፕሮግራሙም ከዚያ ወዲህ ቀረ። ባሕር በውስጡ የሚኖረውን ሰው የሚቈጣጠረው እንዲህ ባለው ዝርዝር ነው፤ አንድ ዕቃ ጐድሎ ሌላው ሁሉ መልካም ነው ብሎ አይምርም።

ወደ ጨዋታው እንመለስ። ለባሕር ግፊት የሰው ልጅ ያገኘው መልስ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይም እንደ ኩስቶ አየሩን ከውኃው ጋራ አስተካክሎ በሰውነቱ ዋጋ መክፈል፥ ወይም ግድግዳውን አጠንክሮ በብረት ዋጋ መክፈል። የ«አኳቲኮ» ሰፋፊ ጉልላቶች ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጡ አጥብቆ የሚጠይቃቸው የለም። ዋናውን ጥያቄ ኦክሲጅኑ ወስዶታል፤ ኦክሲጅን ደግሞ በቧንቧ እንደሚመጣ እንደ ማንኛውም ዕቃ ሆኖ ቀርቷል። እኛ ከላይ ባነሣነው ግሥ ብንናገር፥ ይህች ከተማ ጠልቃለች፥ ነገር ግን ልትሰጥም አትችልም፤ የተጫዋቾቹም ቅሬታ ከዚህ የመነጨ ይመስለናል።

ይህ ነገር በጨዋታ ሊሠራ የማይችል እንዳይመስል፥ በ2018 ዓ.ም. ተጠናቆ የወጣውን «ሰብኖቲካ» የተባለውን እንጠቅሳለን። እርሱ ከተማ የሚያሠራ ሳይሆን፥ ባሕር በሞላበት ፕላኔት ላይ የወደቀ አንድ ሰው ለራሱ ቤት የሚሠራበት ነው። በዚያ ቤት ላይ የሚጨመረው እያንዳንዱ መተላለፊያ የግድግዳውን ጥንካሬ ይቀንሳል፤ መስኮት ይቀንሳል፤ ጥልቀትም ያንኑ ቅናሽ ያባብሰዋል። ባሕሩን በመስተዋት ማየት የሚወድ ሰው በሌላ በኩል ግድግዳውን በብረት ማጠናከር ግዴታው ነው። ሒሳቡ ከዜሮ በታች ሲወርድ ቤቱ ይንቋቋል፥ ይሰነጠቃል፥ ውኃም ይገባል፤ ባለቤቱም በውኃ ውስጥ እየዋኘ ስንጥቁን ይበይዳል። በአንዲት መስኮት ብቻ የተገለጠ ግፊት ነው። ይህ ጨዋታ እስከ 2020 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ከ5 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል፤ የተጫዋቾቹም ድምፅ በምስጋና የተሞላ ነው።

ሆኖም ለ«አኳቲኮ» ልንከራከርለት የምንወድበት ነጥብ አለ። ከላይ እንደ ተናገርነው እርጋታውን ያመሰገኑ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ቀኑን ሙሉ በእውነተኛ ችግር የዋለ ሰው ማታ የማይሰጥም ከተማ ቢመኝ አይፈረድበትም። ችግርን አለልክ ማብዛትም ፍሬ እንደማይሰጥ ሁለተኛው ጨዋታ አሳይቷል። «ሰርቫይቪንግ ዘ አቢስ» ይባላል፤ የሠራው ሮኬት ፍሌር ስቱዲዮስ ሲሆን፥ ታሪኩ በ1976 ዓ.ም. በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን፥ ሰውን በቤተ ሙከራ ስለሚያባዛ ምሥጢራዊ ጣቢያ ነው። እዚያ ጨለማው እውነተኛ ጠላት ነው፤ መብራት ያልደረሰበት ቦታ ሥራ አይሠራበትም። ድባቡ ተመሰገነ። ነገር ግን ሳያልቅ ለሽያጭ የቀረበ ሥራ ስለ ነበረ፥ ይዘቱ ጥቂት ነው፥ አካሄዱም አዝጋሚ ነው ተብሎ እርሱም በድብልቅ ፍርድ ተመለሰ። የሰው ልጅ እንደ ችግኝ ሲባዛ ያለ ብዙ ክርክር ማለፉ እኛን ቅር ቢያሰኘንም፥ ከነቃፊዎቹ መካከል ይህን ያነሣ ብዙ አላየንም።

በቤተ ሰብ ገጽ ላይ የምንጽፍ እንደ መሆናችን፥ ልጆቻቸው በኮምፒዩተር ለሚጫወቱ ወላጆች አንድ ቃል እንጨምራለን። «አኳቲኮ» ደም የማይፈስበት፥ ዝግ ያለ ጨዋታ ነው፤ ዕቅድ ማውጣት ለሚወድ ልጅ ይስማማዋል፥ ሮጦ መተኰስ የለመደውን ግን ያሰለቸዋል። «ሰብኖቲካ» በጨለማ ውስጥ ድንገት የሚመጡ ትልልቅ አውሬዎች ስላሉበት ለሕፃናት አንመክረውም። ከፍ ያሉት ሲጀምሩ ግን የአጨዋወት ምርጫ ይቀርብላቸዋል፤ አንደኛው ረኀብም ጥማትም የአየር ማለቅም የሌለበት፥ ቤት መሥራት ብቻ የሚቻልበት ነው። ወላጅ የመጀመሪያውን ሳምንት በዚያ እንዲያሳልፉ ቢያደርግ፥ ልጆቹ ባሕሩን ከመፍራታቸው በፊት ቤቱን እንዴት እንደሚያቆሙት ይማራሉ።