አንድ ጠመንጃ ለሦስት ሥራ?

ጎበዝ፣ ሰሞኑን ዱቦ ላይ ቡና እየጠጣን ስለ መጀመሪያ ጠመንጃ ተከራከርን። «ለዒላማም፣ ለአደንም፣ ለቤትም አንድ ሾትጋን ይበቃል» ያለ ነበር። እኛ አልተዋጠልንም።

ዒላማው ይቅር፤ ሜዳው የት አለና! አደን ፈቃድ ይጠይቃል፤ እንሰታችንን ለሚፈጀው ጃርት ደግሞ ውሻ አለን። ዋናው ቤቱ ነው። በሾትጋን ጥይት ውስጥ የታጨቁት ትናንሽ እርሳሶች ከአፈሙዝ ሲወጡ ይበተናሉ። ወላይታ ጓሮ ከጓሮ የተያያዘበት አገር ነው፤ ሌባውን ብንስት የጎረቤት ልጅ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። እኛ ግን ፈቃዱ ቢሰጠንም አንገዛም። ሌሊት «ኡኡ!» ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ዱላውን ይዞ ይወጣል፤ በዚያ ጨለማ ማንን ከማን ለይተን ልንተኩስ ነው?