«አባቴ ሱቅ ይሮጣል»



በዚህ ዓመት የአንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ሳገላብጥ «አባቴ ሱቅ ይሮጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጎበታል። ከእንግሊዝኛ እንዲተረጉም የተሰጠው «አባቴ ሱቅ ያስተዳድራል» የሚል ነበር። በቃላት ደብተሩ ላይ «ራን ማለት ሮጠ» ብለን ያስጻፍነው ግን እኛው ነን። ልጁ የሰጠነውን መለሰልን።

ራን በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል ብቻ ናት። በ1989 እ.ኤ.አ. በታተመው ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በትርጉም ብዛት የምትመራው «ሴት» የምትባለው ቃል ነበረች። በኋላ ግን አዘጋጆቹ ራንን እንደገና ሲመረምሩ ለግሡ ብቻ 645 ፍቺ አገኙላት። አፍንጫ ራን ሲያደርግ ይፈሳል፤ ሞተር ይሠራል፤ አውቶቡስ ይመላለሳል፤ ለምርጫ የቀረበ ሰው ይወዳደራል፤ ቀይ ሸሚዝ ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል። እነዚህን ሁሉ «ሮጠ» እንዴት ይችላቸዋል?

«እንግሊዝኛ አስቸጋሪ ነው» የሚሉ ወላጆች አሉ። የእኛው «በላ»ስ? ሰው እንጀራ ይበላል፤ ሙሰኛ ጉቦ ይበላል፤ ብረትን ዝገት ይበላዋል፤ ሥራ ጊዜ ይበላል። አንዲት ተማሪያችን አያቷ በስልክ «እግሬን እየበላኝ ነው» ቢሏት ደንግጣ «ምንድን ነው የሚበላት?» ብላ እናቷን ጠየቀች። እማማ ያሳከካቸው ኖሯል። ከአገር ርቀው ያደጉ ልጆቻችን አማርኛውንም ልክ እንደ እንግሊዝኛው፣ ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ እያደረጉ ይዘውታል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ይበልጣል። እንግሊዝኛውን መንገዱም ቴሌቪዥኑም ያስተምራቸዋል፤ ለአማርኛው ያለው ቤትና እኛ ብቻ ነን።

ስለዚህ በግራ ቃል፣ በቀኝ ፍቺ የሚጻፍበት ደብተር ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ቢቀር እላለሁ። ለፈተና መሸምደጃ እንደሚመች አውቃለሁ፤ እኔም የተማርኩት በእሱ ነው። ልጁ ቃሉን ካገኘበት ዓረፍተ ነገር ጋር ይጻፈው። ወላጆችም «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ስትባሉ፣ ከመመለሳችሁ በፊት «የት አገኘኸው?» በሉት። ጊዜ ይበላል፤ ይብላ።

ከመምህሩ ጋር ተነጋግረን ለልጁ ግማሽ ማርክ ሰጥተነዋል። እሱ ግን ሙሉ ይገባኛል ብሎ እስካሁን ይከራከረናል።