“ስንት ለስንት?” ብቻውን አይበቃም

እኔ የምልህ ወዳጄ፣ ይህን ክርክር ዛሬ እንጨርሰው። አንተ እንደሆነ አቋምህ የታወቀ ነው፤ የኡካ ከተማ ልጆች ይሁኑ የመቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ኳስ በዓይን ይታያል እንጂ በወረቀት አይቆጠርም ባይ ነህ። “ስንት ለስንት ወጡ? በቃ!” ትላለህ። ይኸውልህ፣ “ስንት ለስንት” ያልከውም እኮ ቁጥር ነው! ቁጥር አልወድም ያለ ሰው አንዷን ቁጥር ይዞ ሌሎቹን ጣለ እንጂ ከቁጥር አላመለጠም። ያውም የያዛት ለዕድል ይበልጥ የተጋለጠችውን ነው። በአንድ ጨዋታ ሁለት ሦስት ጎል ቢገባ ነው፤ የግብ ሙከራው ግን ብዙ ጊዜ ከሃያ ያልፋል፣ ኳስ የሚነጠቅበትማ አይቆጠርም ያሰኛል። አልፎ አልፎ የሚሆን ነገር በአንድ የዳኛ ፊሽካ ይገለበጣል፤ ተደጋግሞ የሚሆነው ግን የቡድኑን ጠባይ ያወጣል። ስለዚህ የምንከራከርበት ካለ ምኑን እንቁጠር በሚለው ላይ ነው።

እስቲ የብሔራዊ ቡድናችንን የዋልያዎቹን ነገር እንይ። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው በጥር 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ ሦስት ጨዋታ አደረጉ፤ አንድ ነጥብ ያዙ፣ አንድ ጎል አገቡ፣ ሰባት ገባባቸው። በጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይም አንድ ነጥብ ነው፤ ሁለት አግብተው ስድስት ተቆጠረባቸው። ሰንጠረዡን ብቻ ላየ መንታ ናቸው። አሁን የመጀመሪያውን ገለጥ አድርገው። ከዛምቢያ ጋር ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ገና ከእረፍት በፊት በቀይ ካርድ ወጣ፣ ከዚያ በዐሥር ሰው አዳነ ግርማ አስቆጥሮ 1 ለ 1 ተለያዩ፤ ያውም ከወቅቱ የአፍሪካ ሻምፒዮን ጋር። በቡርኪና ፋሶው ጨዋታ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ቡርኪናዎቹ 1 ለ 0 እየመሩ ሳለ በቀይ የወጣው የእነሱ በረኛ ነበር፣ እነሱ ግን በዐሥር ሰው ሦስት ጨመሩብን። ዋንጫውን የወሰደችው ናይጄሪያ ደግሞ ያሸነፈችን መጨረሻው አካባቢ ቪክተር ሞሰስ ባስቆጠራቸው ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች ነው። “ሰባት ገባብን” የሚለው ቃል ሦስቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይደፍናቸዋል። ለአሰልጣኝ ግን ዋናው ጉዳይ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው፤ በሰው ቁጥር በልጠን ሳለ ኳሱን የት ተነጠቅን? ከኋላ ስንት ሰው ቀርቶ ነበር? በዓይኑ ያየ ሁሉ “ተከላካዩ ሳሳ” ይልሃል። የቆጠረው ደግሞ በየት በኩልና ስንት ጊዜ እንደሳሳ ይነግርሃል።

“የብራዚልስ?” ልትለኝ ነው፣ አውቅብሃለሁ። በ2014 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ብራዚል በግብ ሙከራ ጀርመንን 18 ለ 14 በልጣ በጎል 7 ለ 1 ተቀጣች። ሌስተር ሲቲም በ2016 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ያነሳው ኳስን ከተጋጣሚዎቹ ያነሰ እየያዘ ነው። እውነት ነው፤ ግን እርጥብ ጀንፈልም እኮ ሚዛን ላይ ይከብዳል። የኢሉባቦር ነጋዴ ታዲያ በዚህ ተናዶ ሚዛኑን አይጥልም፤ ቡናውን በእጁ አሽቶ ድርቀቱን ያያል እንጂ። የኳስ ቁጥጥር መቶኛም እንዲያ ይታሻል፤ ተከላካይ ከተከላካይ እየተቀባበለ 60 በመቶ መያዝ ምን ያቅታል? የብራዚልንም ደቂቃ በደቂቃ ብትቆጥረው ምስጢሩ ይፈታል፤ በ29ኛው ደቂቃ 5 ለ 0 ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሚሞክር ተሸናፊው ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? ሙከራው ከሠላሳ ሜትር ይሁን ከግቡ አፍ መለየትም አለበት፤ ባለሙያዎች ለእያንዳንዱ ሙከራ ጎል የመሆን ዕድሉን የሚያሰሉት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞህ ይበልጥ ይከብዳል። የኮሌጅ ቡድን በዓመት የሚጫወተው ጥቂት ነው፣ የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ ሜዳውን ጭቃ ያደርገዋል፣ ወኔስ በምን ይቆጠራል? ልክ ነህ፤ በደረቅ ጥር የተቆጠረን ቅብብል ከሐምሌ ጭቃ ጋር ማወዳደር ግፍ ነው። መፍትሔው ግን ደብተር መያዝ እንጂ መጣል አይደለም። አንድ ተጠባባቂ የሜዳውን ሥዕል በሦስት ይክፈል፤ ኳስ በተነጠቅን ቁጥር በቦታው ምልክት ያድርግ፣ ደቂቃውን ይጻፍ፣ ከላይ “ጭቃ” ወይም “ደረቅ” ይበል። ጎሉ ጥቂት ቢሆንም ምልክቱ በአራት ጨዋታ ገጹን ይሞላዋል። ወኔም ዱካ አለው፤ ከ75ኛው ደቂቃ ወዲህ ምልክቶቹ በራሳችን ግብ አካባቢ ከተከማቹ ልጆቹ ዝለዋል ማለት ነው። የዛሉት ሳይበሉ ገብተው ይሁን ልምምድ አንሷቸው፣ ይህን ወረቀቱ አያውቅም፤ እዚህ ላይ እረታልሃለሁ። እሱን አብሯቸው የሚውለው አሰልጣኝ ያውቀዋል።

አለመቁጠር የሚያስከፍለውን ደግሞ እናውቀዋለን። በሰኔ 2005 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፈን፣ በሁለት ቢጫ ካርድ መቀጣት የነበረበት ምንያህል ተሾመ በመሰለፉ ፊፋ ውጤቱን ሽሮ 3 ለ 0 ፈረደብን። ሦስት ነጥብ ሄደ። “እሱ የጽሕፈት ስሕተት ነው እንጂ ኳስ አይደለም” በለኝ! ይሁን እንኳ ቢባል፣ ቢጫ ካርድ መዝግቦ የማያስታውስ ቡድን ኳስ የት እንደሚነጠቅ መዝግቦ ያስታውሳል ትላለህ?

ስለዚህ ወዳጄ፣ የዩኒቨርሲቲው ቡድን ተሸንፎ ሲመጣ “አሰልጣኙ ይባረር!” ከማለትህ በፊት አራት ነገር ጠይቅ፤ ስንት ጊዜ ሞከሩ? ከየት? ስንት ሰው ሆነው? በምን ዓይነት ሜዳ? አራቱም ተመልሶ ቡድኑ አሁንም ደካማ ከሆነ፣ ያኔ ከአንተ ጎን ቆሜ አብሬህ እጮሃለሁ።