ሻዩ ለምን ቀጠነ?

ቡናውን ለጊዜው እንተወውና ዛሬ ስለ ሻይ እንጨዋወት።

እዚህ ቂርያት ጋት ብዙ ቤት ለአንድ ብርጭቆ ሁለት ሳኪት ሲነከር ታያላችሁ። «የዚህ አገር ሻይ ቀጭን ነው» ይላሉ እናቶች። እውነት አላቸው፤ ግን ጥፋቱ ሁሉ የሻዩ አይደለም። አገር ቤት፣ በተለይ ከተማ የኖርን ሰዎች፣ ሻይ መቼ ነከርን? የውሽውሽን ወይም የጉመሮን ቅጠል ከቅርንፉድና ከቀረፋ ጋር በበራድ እናፈላው ነበር እንጂ። የፈላና የተነከረ እኩል አይሆንም።

ሱፐር ስትገቡ ከስሙ በፊት ግራሙን እዩ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ክብደት ለሳኪቶቹ ቁጥር አካፍሉት። 100 ሳኪት ያለው ሳጥን 150 ግራም ከሆነ አንዷ 1.5 ግራም ናት፤ 200 ግራም ከሆነ ደግሞ 2 ግራም። ስለዚህ ከሁለተኛው ሦስቱ የመጀመሪያውን አራት ያህል ቅጠል ይይዛሉ። በሚቭጻ ርካሽ መስሎ የገባው ሻይ ሁለት ሁለት እየተነከረ ካለቀ ርካሽነቱ የታል?

ሌላው የቅጠሉ አዘገጃጀት ነው። በ1930ዎቹ ሕንድ፣ አሳም ውስጥ ቅጠሉን ጨፍልቆና ቀዶ የሚጠቀልል መኪና ተሠራ፤ የሚወጣው ጥቃቅን ፍሬ ቶሎ ቀለም ይሰጣል። አብዛኛው የሳኪት ሻይ እንዲህ ያለው ወይም የቅጠል ስባሪና ዱቄት ነው። ውሃ ገና ሲነካው የሚጠቁረው ለዚህ ነው። መጥቆሩ ግን ጥራቱን አይነግራችሁም። ጥሩ ሻይ መዓዛ አለው፤ ሳጥኑን ስትከፍቱ ካርቶን ካርቶን ከሸተተ የቆየ ነው። ስምም ብቻውን አይበቃም። ቪሶጽኪ በ1849 ሞስኮ የተቋቋመ አንጋፋ ነው፤ ሆኖም በዚያው ስም ስንት ዓይነት ሻይ ተደርድሯል!

ውሃው የሚንተከተክ ይሁን፣ ሳኪቷም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ትቆይ። በማንኪያ አትጭመቋት፤ ምሬቷ ይወጣል። ከዚያ ምሬቱን ለማጥፋት ስኳር ይከተላል፤ ሱጋት የከተማችን ፋብሪካ ነው ብላችሁ አራት ማንኪያ እንዳትጨምሩ! የሰንበት ሜሓም ውሃ ደግሞ ይሞቃል እንጂ አይፈላም፤ ሻዩ ቢቀጥን አይገርምም። ዐርብ ሳይመሽ ወፈር ያለ ሻይ አፍልታችሁ አስቀምጡና ቅዳሜ በሙቅ ውሃ አቅጥኑት። ብዙ ጎረቤቶቻችን እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ኤሴንጽያ ይሉታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን በምግብ ያገኘነው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል፤ ሻዩ በወፈረ ቁጥርም ይብሳል። ጢፓት ሐላቭ ከ4 ወር እስከ 18 ወር ለሕፃናት የብረት ጠብታ ስጡ ትላለች። ጠብታውን ሰጥቶ በጡጦ ሻይ ማጠጣት በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መቀማት ነው። አያቶች «ሆዱን ያለሰልስለታል» ቢሉም በአክብሮት እምቢ በሏቸው። ነፍሰ ጡርና ደም ማነስ ያለባት እናትም ሻዩን ከምግብና ከብረት ክኒን ቢያንስ አንድ ሰዓት ታርቀው። ምስር ወጥ በልታችሁ ወዲያው ሻይ የሚያምራችሁ፣ እስቲ መጀመሪያ ሰሃኑን እጠቡ፤ ወጥ ቤቱንም ጥረጉ።