የኮምፒውተር ጥግ፦ «ደርሷል» ያለን ገጽ ዋሸን

ዛሬ የራሳችንን ስህተት ልናወጋችሁ ነው።

የቤተሰብ ፎቶና የልጆች የትምህርት ማስረጃ የሚቀመጥበት ትንሽ ድረ ገጽ በፒኤችፒ ሠርተን ነበር። በራሳችን ኮምፒውተር፣ በዊንዶውስ ሞከርነው፤ ሠራ። ከዚያ ጂቡቲ ከተማ ወርደን፣ ባልባላ ካለ ኢንተርኔት ቤት ሆነን በኪራይ ሰርቨር ላይ ጫንነው። እናቶች ሰነዳቸውን ላኩ፤ ገጹም «ደርሷል» አላቸው። በሳምንቱ ማህደሩን ብንከፍተው ባዶ! አንዷ እናት ስልኳ ሞልቶባት ፎቶውን አጥፍታዋለች። ዋናው ወረቀት በእጇ ባይኖር ኖሮ ምን እንላት ነበር?

ነገሩ እንዲህ ነው። የተላከ ፋይል መጀመሪያ የሚያርፈው በጊዜያዊ ማህደር ነው። ስክሪፕቱ ከዚያ አንስቶ ወደ ቋሚ ቦታው ካላዛወረው፣ ፒኤችፒ ሥራውን ሲጨርስ ራሱ ይደመስሰዋል። እኛ ደግሞ የቋሚውን ቦታ አድራሻ፣ ፓዝ የሚባለውን፣ ከሲ ድራይቭ ጀምረን ጽፈነው ኖሯል። የኪራዩ ሰርቨር ሊኑክስ ነው፤ ሲ ድራይቭ የሚባል አገር አያውቅም። ፋይሉ መድረሻ አጥቶ ጠፋ፤ ገጻችን ግን ሳያጣራ «ደርሷል» አለ።

ኮምፒውተር የምትማሩ ልጆች፣ እንዲህ አድርጉ፦

1. አድራሻውን ስክሪፕቱ ካለበት ማህደር አስነሱ። በላቲን ፊደል ትልቁና ትንሹ ለሊኑክስ የተለያዩ ስለሆኑ የማህደሩን ስም ሳታዛንፉ ጻፉ። በከተማው የሚበዛው የፈረንሳይኛ ኪቦርድ ነውና እዝባሩን ስትፈልጉ ሺፍት ይዛችሁ የሁለት ነጥቧን ቁልፍ ተጫኑ።

2. ማህደሩ መኖሩን፣ ሰርቨሩም እንዲጽፍበት ፈቃድ እንዳለው እዩ።

3. ላኪው ያወጣውን የፋይል ስም ትታችሁ በራሳችሁ ቁጥር ሰይሙ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ግን በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። በሊኑክስ የስም ልክ አብዛኛውን ጊዜ 255 ባይት ስለሆነ ከ85 ፊደል አያልፍም።

4. መጠኑን አትርሱ። ፒኤችፒ ካልተነገረው በቀር ከ2 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ የዛሬ ስልክ ፎቶ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል።

5. ማህደሩን ድረ ገጹ ለሁሉ ከሚታይበት ቦታ ውጪ አድርጉት። የስደተኛ ወረቀት መንገደኛ ሁሉ የሚያገላብጠው አይደለም።

6. ከሁሉ በላይ፣ የማዛወሪያው ትእዛዝ ተሳክቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ይመልሳል። መልሱን ሳትሰሙ «ደርሷል» አትበሉ። ካልተሳካ «አልደረሰም፣ እንደገና ይላኩ» በሉ፤ ሰው ቢያዝን እንኳ መፍትሔ ይፈልጋል።

እናንተም እናቶችና አባቶች፣ «ደርሷል» የሚለውን ቃል ብቻ አትመኑ። የላካችሁት ፋይል እዚያው ተከፍቶ እስክታዩት ድረስ ከስልካችሁ አታጥፉ፤ ዋናውንም ወረቀት ለማንም ትታችሁ አትሂዱ። በስደት ላይ ያለ ሰው አንዲት ወረቀት ስትጠፋበት ስንት ደጅ እንደሚጠና እናንተው ታውቁታላችሁ።

እኛም ገጹን አስተካክለን፣ የላኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ጠርተን ይቅርታ ጠይቀናል። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!