ጸሎት የፍሬን ሸራ አይቀይርም

ወገኖች፣ ያገለገለ አፓቼ ወይም ፑልሳር የገዛ ወጣት ሞተሩን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አቁሞ «ፓስተር፣ ይጸልዩልኝ» ሲለኝ ደስ ይለኛል። እጸልይለታለሁም። አስቀድሜ ግን የፍሬኑን ሸራ መቼ እንደቀየረው እጠይቀዋለሁ።

አንዳንዱ ይህን የእምነት ማነስ ያደርገዋል። እኔ አልስማማም። ዘዳግም 22፥8ን እዩ፤ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው የጣራውን ዳር እንዲያጥር እግዚአብሔር ያዝዛል፤ ሰው ከዚያ ወድቆ ቢሞት ባለቤቱ በደሙ ይጠየቃልና። ለሞተር ነጂ ያ አጥር ፍሬኑ፣ ጎማውና ሄልሜቱ ነው።

ከመሸንቲ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ አህያ የሚነዱ እናቶች፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች አሉ። ፍጥነት በሰዓት ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲያድግ፣ ፍሬን ተይዞ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ሁለት ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ታዲያ ለጀማሪ 220 ሲሲ ምን ያደርግለታል? በቦክሰር ይልመድ (እሱም ቢሆን ቀልድ አይደለም)።

ሊገዛ የሄደ በሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ሞተሩ ላይ ከተቀረጸው ጋር ያስተያይ። ካቴናው ያለቀ፣ ጎማው የተላጠ ከሆነ የማሠሪያውን ከዋጋው ላይ ያስቀንስ። ገንዘቡ በሙሉ ለሞተሩ ካለቀ ሄልሜቱ በምን ይገዛል?

መንጃ ፈቃድ ሳያወጣ ለመጣውም እጸልያለሁ። ቁልፉን ግን ፈቃድ ላለው ወንድሙ ሰጥቶ ወደ ቤቱ በእግሩ ይሂድ።